ወይዘሮ ሬሕማ ይመር ሰካራም አልነበሩም

ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ካርቱም ጀብራ ሰፈር በሚገኘው የኪራይ ክፍላቸው ወይዘሮ ሬሕማ ይመር ሲያርፉ አጠገባቸው የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እህታቸው ሙኒያ፣ ጎረቤታቸው ፋጤና እኔ፣ የእህታቸው ልጅ አብራር። ዛሬ ለሶደቃው የመጣው ሰው ግን ግቢውን ሞልቶታል።

ወይዘሮ ሬሕማ ከአባታቸው ከአቶ ይመር እንድሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀዋ ሙሄ በ1962 ዓ.ም. ወሎ፣ ሐርቡ አካባቢ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1985 ዓ.ም. አቶ አብዱልወሃብን አግብተው ልጃቸውን ዘሃራን ወለዱ። ባለቤታቸው ሲሞቱ በ1991 ዓ.ም. ካርቱም ገብተው፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር በሚገኘው በሐጃ ናስራ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በሠራተኝነት አገለገሉ።

ሐጃ ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ከተዘጋ በኋላ ሁለቱን ያቀራረባቸው ቴሌቪዥን ነው። ሰው እየተንሸራተተ የሚወድቅባቸውን ድምፅ አልባ የድሮ ፊልሞች አብረው እያዩ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። ወይዘሮ ሬሕማ የድሮ የህንድ ፊልም ዘፈኖችን አንዲት ቃል ሳይገባቸው ከዳር እስከ ዳር ያውቁ ነበር፤ ሐጃን ሲያጥቡ ያንጎራጉሩላቸዋል።

ጦርነቱ ሲመጣ የሐጃ ልጅ ግብፅ ገባ። ወይዘሮ ሬሕማ አሮጊቷን ይዘው በስተሰሜን ወዳለችው ሸንዲ ከተማ ተሰደዱ፤ በ2017 ክረምትም ይዘዋቸው ተመለሱ። ቴሌቪዥኑ ተዘርፏል፤ መብራት የለም። ሐጃ ምግብ እምቢ አሉ። አፋቸው የሚከፈተው ሲስቁ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ወይዘሮ ሬሕማ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ሳፋ ራሳቸው ላይ ደፍተው ከግድግዳ ይጋጩ፣ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራተው በጀርባቸው ይወድቁ ነበር። ሐጃ ሲስቁ አጥሚቱን ያጎርሷቸዋል። ለአንድ ማንኪያ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ።

ይህን በአጥር ያየች የአገራችን ሴት ለሐጃ ልጅ ደውላ «ሠራተኛህ ሰክራ ትንከባለላለች፤ እናትህ ላይም ትስቃለች» አለችው። ስሟን አልጠራም፤ እዚህ ተቀምጣለች። እሱም አላጣራም። በስልክ «ያላ፣ ከቤቴ ውጪ!» ብሎ አንድ ፌስታል ልብስ አስይዞ አስወጣቸው።

እኛስ? ገበያ ላይ «ሬሑ፣ ዛሬ ስንት ብርጭቆ ነው?» ያልነው እኛ አይደለንም? አንድ ቀን እንኳ መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። የመለሱልን «እኔስ ይሁን፤ ሐጃን ማን ያጎርሳታል?» ብለው ብቻ ነው።

በተባረሩ በሦስተኛው ሳምንት ወባ ጣላቸው። ስማቸው ስለጠፋ ከእኛ ከሦስታችን በቀር በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም። ልጃቸው ዘሃራ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እህታቸው ቀርተዋል። እኛ የነፈግናቸውን ክብር አላህ ይስጣቸው፤ እኛን ይቅር ማለትም የእሱ ፈንታ ነው።

ጀናዛው ከቤት ሲወጣ የሐጃ ልጅ የላከው ሾፌር ደረሰ። እናቱ ከማንም እጅ አልበላ ስላሉ፣ ወይዘሮ ሬሕማን ወደ ሥራቸው እንዲመልስ ነበር የተላከው። መኪናውን አዙሮ ሄደ።