ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ስለቀረችው እናቴና ስለ አሳንሰሩ ጣፋጭ አንደበት

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንጻችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ምድር ቤት ስለሆነ ወጣ ገባ ማለቱ እንደማያደክምዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንዲሁ ያሰንብትልን። እኔ ዘጠነኛ ፎቅ በስተግራ የምኖረው ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው በር ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ በዚህ በር ግን በቀን አራቴ ስለሚያልፉ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና ይገባዎታል። ባለፈው ወር አሳንሰራችን ውስጥ የሚናገር መሣሪያ ሲገጠም፣ በየትኛው ቋንቋ ይናገር ብለው እኛን ተራ ነዋሪዎችን ማማከርዎ ትሕትናዎን ያሳያል። አዳራሽ ሰብስበው፣ ዓይናችንን አስጨፍነው፣ ስድስት ቋንቋ አሰሙንና ለጆሯችን ለጣፈጠን እጅ እንድናወጣ አደረጉ። ፖርቱጋልኛ አንደኛ ወጣ፤ ፈረንሳይኛ ለጥቂት ተበለጠ። አፋችንን የፈታንበት የራሳችን ቋንቋ ስድስተኛ ሲሆን፣ እርስዎ ትንሽ ይጎረብጣል ብለው በሐዘኔታ ራስዎን ነቀነቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ለፖርቱጋልኛ ነው እጄን ያወጣሁት። ምን ላድርግ፣ ሴትየዋ ስትናገር የተከፋ ሰው የምታባብል ነበር የምትመስለው! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ምን እያለች ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩን ሳስበው ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማክሰኞ። እናቴን ያውቋታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት በተሽከርካሪ ወንበር የማወርዳት ናት። ማክሰኞ ጠዋት ይዣት ስወርድ አሳንሰሩ አምስተኛውና አራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ አለ፤ መብራቱም ድርግም ብሎ ጠፋ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ወዲያው ያቺ የመረጥናት ሴት መናገር ጀመረች። አቤት አንደበት! እርዳታ ለመጥራት የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለብን እየነገረችን እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በጊዜው ግን እኔ በዳበሳ ያገኘሁትን ሁሉ ስጫን እሷ እየደጋገመች ታቆላምጠን ነበር። እናቴ መጀመሪያ ልጅቷ ጸሎት የምታደርስልን መስሏት አሜን፣ አሜን ትል ነበር። አንድ ሰዓት ሲያልፍ፣ ይቺ ልጅ ምን አድርገናት ነው እንዲህ የምትለማመጠን ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲያልፈን የእናቴ እጅ በረዶ ሆነ። ያን ጊዜ ግድግዳውን በጫማዬ እየደበደብሁ ጮህሁ።

የሰማን ጥበቃው ነው። በር ላይ ቆሞ ሲያድር ብርድ ጉሮሮውን አሻክሮታል። በዚያ ጉሮሮ፣ በበሩ ስንጥቅ በኩል፣ አይዞዎት እማማ፣ አለን፣ መጣን ብሎ ሲያንባርቅ እናቴ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔም በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ቢያሰሙን ኖሮ ስንተኛ ይወጣ እንደነበር እንጃ። በኋላ መብራቱ ሲመለስ አሳንሰሩ ሽቅብ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ መልሶ ወሰደን፤ የእጥበት ተራዋ ግን አልፎ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መልስዎ። መሣሪያው በሚገባን ቋንቋ ይናገር ብዬ ባመለከትሁ ጊዜ፣ ነዋሪው በአብላጫ የወሰነው እንደማይሻር፣ ሕንጻችን የሚመጡ እንግዶችም በድምፁ እጅግ እንደሚደሰቱ፣ እኛም ቀስ በቀስ እንደምንለምደው በጸሐፊዎ በኩል አስታውቀውኛል። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ እጅ እነሣለሁ። የሰባ አንድ ዓመቷ እናቴ ትምህርቷን የምትጀምርበትን ቀን ቢያሳውቁኝ ደብተር እገዛላታለሁ።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ፍርሃት ነው ያለኝ። እናቴ ከማክሰኞ ወዲህ ያን ሳጥን ሞቼ ካልሆነ አልገባበትም ብላለች። በዚህ ምክንያት ሐሙስም አመለጣት። እግሯ አብጧል፤ ትንፋሿ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በላይ ይሰማኛል። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገዱን ታያለች፣ እኔ ሥራዬን ትቼ እሷን አያለሁ። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስሁባት፤ ወይ ፍንክች! በደረጃ እንዳላወርዳት ብቻዬን አቅሙ የለኝም። ሐኪሟ ቅዳሜን ካሳለፈች ምንም ላደርግላት አልችልም ብሎኛል፤ ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው።

ለጆሮዎ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽሁ፣ መውረጃ ካጣሁበት ከዘጠነኛ ፎቅ ቁልቁል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ለፖርቱጋልኛ እጇን ያወጣችው ጎረቤትዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ሳልረሳው፦ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥበቃውና ሁለት ጎረቤቶቼ እናቴን ከነወንበሯ ተሸክመው በደረጃ ሊያወርዱልኝ ተስማምተዋል። አራተኛ ሰው ስለጎደለን እርስዎ ቢመጡልን ውለታዎን አልረሳም። እየተሸከሙ በፈለጉት ቋንቋ ቢያወሩ፣ ቢያዜሙም አንከፋም፤ የደረጃው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ግን፣ እባክዎን፣ ቀስ የምትለዋን ቃል ብቻ ከፊት የያዘው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይበሉልኝ። ወንበሩ ላይ ያለችው እናቴ ናት።