ሞተር አያስፈልገውም ስለተባለው መኪናዬ

ለተከበሩ ሐጂ ሲሬ ጋሳማ፣
በታምባኩንዳ የምሥራቅ በር መናኸሪያ፣ የኬዱጉ መስመር ጽሕፈት ቤት ሊቀ መንበር

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ ለከብቶችዎና በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ላይ ለተገጠመችው አየር ማቀዝቀዣ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የጉልበትዎ ሕመም እንደቀለለልዎ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባለፈው ሰኞ እኔ በፊት ለፊት ስገባ እርስዎ በጓሮ በር የወጡበት ፍጥነት ሁላችንንም አስደስቷል።

እኔ ፋማራ ኩሊባሊ እባላለሁ፤ በመስመርዎ የቁጥር ዐሥራ አራት ባለቤትና ሹፌር ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ ሰባት ተሳፋሪ የሚጭነውን ነጭ ስቴሽን ፔጆዬን አይረሱትም፤ ለዐረፋ በዓል አራት በጎችዎን ጣሪያው ላይ አስሬ ከኬዱጉ ያመጣሁልዎ በእርሱ ነው። ቅሬታዬን እንደገና በአካል ላሰማ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቴም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለተነገረኝ፣ ይህን ደብዳቤ በመናኸሪያው በር ግድግዳ ላይ፣ ከሥጋ ጠባሹ ምድጃ ራስጌ ለመለጠፍ ተገድጃለሁና ለጭሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የመኪናዬ ሞተር ሃያ ሁለት ዓመት በታማኝነት ካገለገለ በኋላ፣ ዲያላኮቶ መንደር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በክብር ሞተ። የተበላሸው የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ብቻ ቢሆን እናስጠግነው ነበር፤ ነገር ግን የሞተሩ አካል ራሱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ስለተገኘ ሌላ ሞተር ከመፈለግ በቀር መላ አልነበረም። በመስመሩ ደንብ መሠረት አርባ ቀን ተሳፋሪ ጭኖ ያልወጣ መኪና ቁጥሩን ይነጠቃል፤ ቁጥሩም ለቀጣዩ ተጠባባቂ ይሰጣል። እኔ ቁጥር ዐሥራ አራትን ለማግኘት ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና እየነዳሁ ጠብቄያለሁ። ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንድ። ማንኛውም ሹፌር የሚቀይረውን ሞተር ከመግጠሙ በፊት የሚመረምር የሞተር ኮሚቴ ስላቋቋሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ሰው የውኃ መሳቢያ ሞተር ገጥሞ ሰባት ሰው ጫካ ውስጥ ካሳደረ ወዲህ እንዲህ ያለ ኮሚቴ እንደሚያስፈልግ ሁላችንም አምነን ነበር። ቅሬታዬ በአባላቱ አመራረጥ ላይ ብቻ ነው። አንደኛው አባል ክቡር ማዲ ኬይታ መሪ ከጨበጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለተኛው አባል በሕይወታቸው የነዱት የአህያ ጋሪ ሲሆን፣ እርሱንም በደንብ ይነዱ እንደነበር እሰማለሁ። ሦስተኛው አባል ከተሾሙ ጀምሮ በአንድም ስብሰባ ላይ አልታዩም፤ ሆኖም ድምፃቸው ሁልጊዜ ይቆጠራል፤ ሁልጊዜም የድጋፍ ነው።

ሁለት። መካኒኬ ሞር ሲላ ሦስት ሞተሮች ፈልጎ አገኘልኝ። አንደኛው ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ ከሞተው ሞተር ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የናፍጣ ሞተር ነው፤ አንድ ብረት ሳይቆረጥ በድሮው ቦታ ልክ ይቀመጣል፣ ከካምቢዮውም ጋር ያለ ጭቅጭቅ ይገጥማል። ሁለተኛው ከጃፓን ፒክአፕ የወጣ ነው፤ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ነገር ግን ክብደቱ የፊቱን ሞላ ያጎብጣል፤ ከካምቢዮው ጋር ለማገናኘትም ብረት ማስቀረጽ ይጠይቃል። ሦስተኛው የቤንዚን ሞተር ነበር፤ ርካሽ ነው። ሞር ሲላ ገና ከሩቅ አይቶት «ይሄ የሚጠጣው ቤንዚን እንዳይመስልህ፣ ቤትህን ነው የሚጠጣው» አለኝ። ስለ ጃፓኑም ስጠይቀው እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ «ወንድሜ፣ ይቺ አሮጊት ናት። የለመደችውን ባል መልስላት እንጂ ጎረምሳ አትዳርባት» ብሎ ገላገለኝ። ከዚያም የመጀመሪያውን ሞተር መሬት ላይ እንዳለ አስነስቶ፣ አራቱንም ሲሊንደሮች በመለኪያ ለክቶ፣ የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ካዳመጠ በኋላ «ይሄ ገና ሁለት መንግሥት ያያል» አለ።

የተከበረው ኮሚቴዎ ይህንኑ ሞተር ለማየት መጥቶ ሦስት ዙር ሻይ ጠጥቷል። ጋሪ ነጂው አባል ሞተሩን በከዘራቸው ሁለት ጊዜ መትተው ድምፁን አጣጣሙት። ቀጥለውም «ለምን ሰማያዊ ሆነ? የድሮዎቹ ጥቁር ነበሩ» ብለው ጠየቁ፤ ሞር ሲላም ቀለም እንደተቀባ አስረዳቸው፤ እርሳቸውም እንደተጠራጠሩ ሄዱ። ክቡርነትዎም በበኩልዎ በአማችዎ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ሞተር እንዳየው፣ ካየሁትም «ነገሩ ሁሉ ቶሎ እንደሚያልቅልኝ» በአባትነት ጠቁመውኝ ነበር። ሄጄ አየሁት። ዶሮ ታቅፋበታለች። ሞር ሲላ ዶሮዋን በክብር ገለጥ አድርጎ ዘጠኝ እንቁላልና ሁለት ፒስቶን ቆጠረ። እንቁላሎቹ ሙሉ ነበሩ፤ ፒስቶኖቹ ግን አራት መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ ዶሮዋን ላለማፈናቀል ስል ብቻ ያን ዕድል ሳልጠቀምበት ቀርቻለሁ፤ አማችዎ እንዳይቀየሙኝ ያስረዱልኝ።

ሦስት። ወደ ውሳኔው ልምጣ። ክቡር ማዲ ኬይታና እኔ በቤተሰብ ስማችን የተነሳ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ኬይታ ኩሊባሊን፣ ኩሊባሊም ኬይታን ሲሰድብ ይኖራል፤ የተቀየመ እርሱ ነውር ሠራ። ይህን በአገራችን ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል። በስብሰባው ዕለት ስሜ ሲጠራ ክቡር ኬይታ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦ «ኩሊባሊ? ይሄ ባቄላ በላ አሽከሬ ሞተር ምን ያደርግለታል? አንድ ድስት ባቄላውን በልቶ ከኋላ ይቀመጥ! መኪናው እንደ አውሮፕላን ኬዱጉ ደርሶ ይመለሳል!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በወጉ መሠረት «አንተን የመሰለ ሌባ ፊት ከተቀመጠ ግን መኪናው ራሱ ይጠፋል» ብዬ መለስኩ። ተቃቅፈን ሳቅን፤ እርሳቸውም ጆሮዬ ላይ «ሰማያዊውን ግጠመው፣ ጥሩ ነው» ብለውኝ ተለያየን።

ጸሐፊዎ አቶ ቲያም ግን አልሳቁም። ይጽፉ ነበር። በማግስቱ ማህተም ተመትቶበት የደረሰኝ ወረቀት ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ኮሚቴው የቁጥር ዐሥራ አራትን ማመልከቻ በሰፊው ከመረመረ በኋላ፣ ተሽከርካሪው ሞተር የማያስፈልገው መሆኑንና ባለቤቱ በሚያመነጨው ጋዝ ለመንቀሳቀስ የሚችል መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» ያልተገኙት ሦስተኛው አባልም ደግፈዋል። ለወረቀቱ ጥራት፣ ለፊደሉ ውበትና ለማህተሙ ድምቀት ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም።

አራት። ስህተቱን ለማሳረም ስመጣ ክቡርነትዎ በትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። «ፋማራ፣ ቀልድ ቢሆን ኖሮ ማህተም አይመታበትም ነበር» አሉኝ። ማህተሙን የመቱት እርስዎ መሆንዎን ባስታውስዎ «ታዲያ እኔ ቀልደኛ ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እንዳልሆኑ መሰከርኩ። አዲስ ማመልከቻ ላስገባ ብልም፣ ሞተር ለማያስፈልገው መኪና የሞተር ማመልከቻ መቀበል ከደንብ ውጭ እንደሆነ አቶ ቲያም በጽሑፍ ገለጹልኝ። ክቡር ማዲ ኬይታ በታመመ እግራቸው ቢሮዎ ድረስ መጥተው መቀለዳቸውን ሊያስረዱዎት ቢሞክሩ፣ አባል የሰጠውን ድምፅ መካድ እንደማይችል ነግረው መለሷቸው። አዛውንቱ ከዚያ ሲወጡ እንደ ወጉ አልሰደቡኝም። መኪናዬ ላይ ተደግፈው «ስልሳ ዓመት ኩሊባሊዎችን ስሰድብ ኖሬያለሁ። በስድቤ እንጀራውን ያጣ ግን የለም። ልጄ፣ በማን እጅ ጣልኩህ?» አሉ። ክቡር ሐጂ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማላሾፍበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

አምስት። ደንቡ ከተራ የጠፋ መኪና ከመስመር እንደወጣ ይቆጠራል ስለሚል፣ ሞተር አልባውን መኪናዬን ገፍቼ ተራ አስያዝኩ። በመናኸሪያችን ወደፊት ለመጠጋት ሞተር የሚያስነሳ ሹፌር የለም፤ ናፍጣ ውድ ነው፣ ሁሉም ይገፋል። ስለዚህ የእኔም መኪና ከሌሎቹ እኩል እየተገፋ፣ ከዐሥራ ዘጠነኛ ተነስቶ በስምንት ቀን አንደኛ ሆነ። ተሳፋሪ ሳይጭን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሁለተኛ ጊዜ አንደኛ ወጣ። ጓደኞቼ ያለ አንዳች ክፍያ ስለገፉልኝ እግዜር ይስጣቸው። አቶ ቲያም ግን ይህንንም ከመስኮት ሆነው ሲመለከቱ ኖረው፣ በመዝገቡ ላይ የሚከተለውን ጨምረዋል፦ «ተሽከርካሪው ያለ ሞተር ሁለት ጊዜ ከተራው መጨረሻ እስከ መጀመሪያ መድረሱ የኮሚቴው ውሳኔ ትክክል እንደነበር በተግባር አረጋግጧል።» እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት እንዲህ ያለው ማስረጃ የሚማርበት ክፍል ከመድረሴ በፊት ነው።

ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ? ተቀምጬ ወረቀትዎን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ በመጨረሻም ምን ያህል እንደጠቀሙኝ ገባኝ። ኮሚቴው የሚመረምረው መኪናው የሚቀየርለትን ሞተር ነው። የእኔ መኪና ደግሞ በማህተምዎ እንደተረጋገጠው ሞተር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የሚቀየርለትም የለም፤ የሚመረመርም፣ የሚከለከልም የለም። ስለዚህ ሞር ሲላ ሰማያዊውን ሞተር ትናንት አምጥቶ፣ መኪናዬ በተራው ግንባር እንደቆመ፣ በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ሥር በሰንሰለት አንጠልጥሎ አስገባው። ዕቃውን የያዙለት ስድስት ሹፌሮች ናቸው፤ ሁሉም የመስመርዎ አባላት ናቸው። ክቡርነትዎ መስኮቱን ከፍተው «ፋማራ! ያ የተንጠለጠለው ምንድነው?» ሲሉኝ፣ «ሐጂ፣ በመዝገብዎ መሠረት ምንም አይደለም» ብዬ የመለስኩት በድፍረት ሳይሆን ለማህተምዎ ባለኝ አክብሮት ነው። መስኮቱን መልሰው የዘጉበትን ጨዋነትም አደንቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ጭስ የለውም፤ ዘይት አያንጠባጥብም፤ ሞር ሲላም ኮፈኑ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጦ ጠብታ አለመፍሰሱን ለሚያልፍ ሁሉ ያሳያል። ነገ፣ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ በሕጋዊ ተራዬ ሰባት ሰው ጭኜ እወጣለሁ። ሊያግዱኝ የፈለጉ እንደሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ የቀድሞው ውሳኔ ስህተት እንደነበር በጽሑፍ ገልጸው በማህተምዎ ያጽድቁልኝና፣ እኔም ሞተሩን ለምርመራ በደስታ አቀርባለሁ።

ለቁጥሬ ሲሉ ስለደከሙት ድካም እያመሰገንኩ፣ ለአማችዎ ዶሮ መልካም መፈልፈል፣ ለአቶ ቲያም ብዕር የማያልቅ ቀለም፣ ለክቡርነትዎም በዚያ ወንበር ላይ መስመሩ የሚችለውን ያህል ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከተራው ግንባር ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣
ፋማራ ኩሊባሊ
ቁጥር ዐሥራ አራት
ታምባኩንዳ፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የጨመርኩት ሐሙስ ከሰዓት፣ ኬዱጉ በሰላም ከገባሁ በኋላ ነው፤ ትናንት ለመለጠፍ ስለመሸብኝ ደብዳቤው ነገ ስመለስ ይለጠፋል። ጠዋት ስድስት ሰው ሞልቶ አንድ ሲቀረኝ፣ ታላቋ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኩምባ ሻንጣቸውን አስይዘው መጡ። የእህታቸው ልጅ ወልዳ ስም ለማውጣት ይሄዱ ነበር። ኮሚቴው ባለፈው ዓመት ሞተሩን ያጸደቀለት የራስዎ መኪና በነፃ ሊያደርሳቸው ከጎኔ ቆሞ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይሄን ሞተር የባሌ ኮሚቴ አይቶታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አላየውም፣ እናቴ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሻንጣዬን ጫን» ብለው የፊቱን ወንበር ያዙ።