ጥር ላይ ያስተማርኩት ውሸት

ይድረስ ለእህቴ ለሊያን፣ ፐርዝ።

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሆስፒታሉ ተረኛ ሲያጣ አሁንም አንቺን ብቻ ነው የሚጠራው? ግራንት እንዴት ነው? ታሊያና ሮሪስ? ሮሪ የፊት ጥርሱ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለለት? እኛ ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷማ እንደ ድሮው ነው። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ያልሆነው ታናሻችን ኤሊስ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ "ይሄ ልጅ ስልኬን ለምን አያነሳም?" ብለሽ ብትጠይቂኝ "ልምምድ በዝቶበት ነው" አልኩሽ። ዋሸሁሽ። በስልክ ልንገርሽ ብል ድምፅሽን ስሰማ ግማሹን እንደምውጠው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይኸው ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሑፌ እጽፍልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት አርብ በሜዳችን ራግቢ ስንጫወት፣ ኤሊስ ኳስ ይዞ የሚንደረደር አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሊጥል ዝቅ ብሎ ሲገባ የሰውየው ጉልበት ጆሮ ግንዱን አገኘው። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ከዚያ ከተጋጣሚዎቻችን ጋር ሊሰለፍ ሄደ። የክለቡ ሐኪም ዶክተር ሞርተን አስወጥታ ወደ ውስጥ ወሰደችው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ፈትናው "አልፏል" ተባለና ተመለሰ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። እኔም ጀርባውን መታ መታ አድርጌ "ጀግና!" አልኩት። እንዴት እንዳለፈ ግን አውቅ ነበር።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ የጭንቅላት ፈተና እንቀመጣለን። አሥር ቃል ይነበብልሻል፣ ቆየት ብለሽ ታስታውሻለሽ፤ ቁጥሮችን ከኋላ ወደ ፊት ትጠሪያለሽ። ውጤትሽ ይመዘገባል። በዓመቱ ውስጥ ጭንቅላትሽን ከተመታሽ ያው ፈተና ይደገምና ከጥር ወሩ ጋር ይነጻጸራል። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ተንኮሉ ወዲያው ይገባሻል። ጥር ላይ አውቀሽ ከደነቆርሽ፣ ነሐሴ ላይ ብትመቺም ያው ነሽ። እኔን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ያስተማሩኝ አንጋፋዎቹ ናቸው፣ እነሱንም ከእነሱ በፊት የነበሩት። "ስንት አመጣህ?" "ሰባት!" "አይ ሊቁ! ቀንስ እንጂ!" እየተባባልን ስንስቅ ነው የኖርነው።

ኤሊስን ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ክለባችን ሲያስፈርመው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ይዤው "ስድስት ቃል ይበቃሃል" አልኩት። ደነገጠ። "እኔ እኮ አሥሩንም እችላለሁ" አለኝ፤ በጭንቅላቱ ሲኮራ ታውቂው የለ! "ሞኝ አትሁን፤ ሊቅ ሆነህ አግዳሚ ወንበር ልታሞቅ ነው?" አልኩት። እሺ አለኝ። እኔ ያልኩትን መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል?

ከጨዋታው በኋላ በነበረው ማክሰኞ እማዬ ዓሣና ድንች ጥብስ እንዲያመጣ ሄስል ሮድ ወዳለው ሱቅ ላከችው። ከሱቁ ደጅ ሆኖ ደወለልኝ። "ሽማግሌው፣ እማዬ ምን ነበር ያለችኝ?" ብሎ ሳቀ። ነገርኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ሳቅ ጠየቀኝ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ! ሦስተኛ ሲደውል ግን መኪናዬን አስነሳሁ። ሄጄ አመጣሁት። መኪና ውስጥ እጄን ይዞ "ለማንም እንዳትናገር፤ ግማሽ ፍጻሜው አሥር ቀን ነው የቀረው" አለኝ።

አራት ቀን ዝም አልኩ። ልምምድ ላይ ከሰው ጋር ሲላተም ቆሜ አየሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ያገኘነው ግማሽ ፍጻሜ ነው፣ ያለ እሱ አይሆንልንም፣ ሕመሙ ይተወዋል፣ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን፤ እማዬም እንደ ልማዷ ልብስ አላጠበችም። አያታችን ዓሣ አጥማጅ ባሏ ወደ ባሕር በሚወጣበት ቀን ልብስ ማጠብ ሰውየውን አጥቦ ለባሕር መስጠት ነው ብላ ውሃ እንደማትነካ፣ እሷም በእኛ የጨዋታ ቀን እንዲያው ናት። ልወጣ ስል ጉንጬን ስማ "እኔ ምን ያስፈራኛል፣ አንተ አጠገቡ እያለህለት" አለችኝ።

ቀጥታ ዶክተር ሞርተን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኤሊስን ጠርታ እንደ አዲስ መረመረችው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልገባም፤ ከእንግዲህም መግባቱን እንጃ። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሊያን።

እሱማ "አንተ ጨርሰሃል፤ እኔ ስጀምር ቅናት አቃጠለህ!" ብሎኝ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግረኝም። ያንቺንም ስልክ የማያነሳው ለእኔ ወግነሽ እንዳትመክሪው ነው። ቡድኑ ግማሽ ፍጻሜውን ያለ ሁለታችን ገብቶ ተሸነፈ፤ ሽንፈቱም በእኔ ተላከከ። መልበሻ ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ጥር ላይ የደነቆረው ሁሉ በእኔ ጦስ እንደ አዲስ ሊፈተን ነውና።

ያለ ሁለታችን ያልኩሽ ወድጄ አይደለም። ሐኪሟ "ምን ያህል እንደተጎዳ በምን ልለካው? የጥር ወሩ ውጤት ውሸት ከሆነ ማነጻጸሪያ የለኝም" አለችኝ። ቀጥላም "ያንተስ?" ስትለኝ የአሥራ አራት ዓመት ውሸት መሆኑን ነገርኳት። እኔንም ፈተናው ላይ አስቀመጠችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከስድስት ቃል በላይ የማላስታውስ መስዬ ኖሬ፣ ያን ቀን ከልቤ ታግዬ ያስታወስኩት አምስት ነው።

አሁን ሐኪሟ ድሮ ምን እንደነበርን የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች። እማዬን ብትጠይቃት "ሁለቱም ወርቅ ናቸው" ብላ አረፈችው። የቀረሽው አንቺ ነሽ። እማዬ ዓሣ ፋብሪካ ስትውል ያሳደግሽን አንቺ ነሽ። ኤሊስ በሰባት ዓመቱ የሰፈሩን መኪና ሰሌዳ ሁሉ በቃሉ ይወጣው አልነበር? ይህን ጻፊላት። ቁጡ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ቀልድ ይደግም ነበር ወይ፣ ሁሉንም ጻፊ። ስለ እኔም ጻፊ፤ እኔ ስለራሴ የማስታውሰውን ማመን ትቻለሁ። እንዳይከፋው ብለሽ ምንም አታስቀሪ። ወደ ፐርዝ ስትሄጂ "ትንሹን አደራ" ብለሽኝ ነበር፤ አደራሽን በልቻለሁ። ይቅርታውን በኋላ ታስቢበታለሽ፤ አስቀድመሽ ጽሑፉን ላኪልን።

ግራንትን ሰላም በይልኝ። ታሊያንና ሮሪን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እማዬ "በደንብ ትብላ፣ እሁድ ትደውል" ብላለች። ባለቤቴ ዶናን በጣም ናፍቀሻታል። ከኤሊስም ሰላምታ ልጨምር ብዕሬን አንስቼ ነበር። ምንም በላት አላለኝም፣ እህቴ። ከእንግዲህ በእሱ ስም አልዋሽም።

ወንድምሽ ክሬግ
ሃል፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2021