የአባዬ ፎርክሊፍት የቆመ ዕለት

ውድ እትዬ፣

አባዬ «ሥራ በቃኝ፣ አረጀሁ» ብሎሽ፣ ሳያስጨርስሽ ስልኩን እንደዘጋብሽ ሰማሁ። እንዳትቀየሚው። የሆነውን ልንገርሽ፤ እኔም ብቻዬን ይዤው መቆየት ከብዶኛል።

መጋዘን ውስጥ ጭኖ እየሄደ ፎርክሊፍቱ ድንገት ጉልበት ከዳው። ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አልነሳ አለ። እንድጠግነው ጠሩኝ። ማስነሻው ሞቶሪኖ ሞተሩን ያለ ምንም ትግል ሲያሽከረክረው፣ አየሩን አምቆ የሚይዝበት ኮምፕሬሽን እንደሌለው ገና ከድምፁ ገባኝ። አባዬ አጠገቤ ቆሟል። የሚነዳው ነገር በተበላሸ ቁጥር እህል ከአፉ እንደማይገባ ታውቂያለሽ።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ እያንዳንዱን ሲሊንደር ለካሁ። ዳርና ዳር ያሉት ደህና ናቸው፤ መሀል ያሉት ሁለቱ ግን ባዶ በያቸው። ዘይት ጠብ አድርጌ ደግሜ ለካሁ፤ ንቅንቅ የለም። የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ትንሽ ከፍ ያደርገው ነበር። በአንደኛው አየር ስነፋበት በጎረቤቱ ቀዳዳ ፊቴ ላይ ወጣ። በሁለቱ መሀል ያለው የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ማለት ነው። እሱ ደግሞ ሞተር ክፉኛ ሳይግል እንዲህ አይሆንም። ራዲያተሩን ከፈትኩ፤ ደርቋል። ቱቦው ከሥር ተሰንጥቆ ውሃው ፈስሶ አልቋል።

የመጋዘኑ ኃላፊ መጣችና ሲግል የሚጮኸው ጥሩምባ አይሠራም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ባይሠራ ብዬ እየተመኘሁ ነበር። ቱቦ ቢሰነጠቅ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጥሩምባውም ሞቶ ከሆነ አባዬ ምን ያድርግ? ቁልፉን ከፈትኩና የሙቀት መቆጣጠሪያውን ሽቦ ከብረት ጋር አነካካሁት፤ ጥሩምባው ደህና ከሆነ በዚህ ይጮኻል።

ጮኸ፣ እትዬ። ጫኞቹ ሁሉ ዞሩ። አባዬ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶን እጁን በጨርቅ መጥረጉን ቀጠለ። ሽቦውን ከብረቱ ሳላላቅቅ ያዝኩት። ዘወር ሲል ሁላችንም እሱን እያየን ነው።

«ምን አላችሁኝ?» አለ።

ዓይኑ እጄ ላይ ወዳለው ሽቦ ወረደ። ያ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በፊት ያውቃል። ጨርቁን አጣጥፎ መቀመጫው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ለብቻዬ ወስዳኝ «ነገ ሰው ከኋላ ሆኖ ‹ይቁሙ!› ቢላቸውስ?» አለችኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ይለባብስና ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ትናንት ጓርኒሲዮኑንና ቱቦውን ቀይሬ ሞተሩ ተነሳ። ቤት ገብቼ ስነግረው አፍ አፌን እያየ አዳመጠኝ። ለካ ስንት ዘመን እንዲህ ሲያየን የኖረው ለዚህ ነው፤ እኔ እኮ ፍቅር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ማን እንደሚነዳው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ጭነት ሲይዝ ወደ ግራ ይስባል። ቀስ ይበል በለው» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

እባክሽ ከእንግዲህ ስትደውዪ ፊትሽ እንዲታየው አድርገሽ ደውዪለት። መብራት ያለበት ቦታ ተቀመጪ፤ ቃልሽንም ረጋ አድርጊው። ለምን ካለሽ ናፍቀኸኝ ነው በዪው። ራሱ እስኪነግረን ድረስ አንቺም እኔም ምንም አናውቅም።

ወንድምሽ