ፍትሕን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላስቀመጡልን ርዕሰ መምህር

እጅግ ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ጤና፣ ዕድሜና የሰላም እንቅልፍ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እመኝልዎታለሁ። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነኝ፤ የዘመናችን ፈላስፎች ስለ ፍትሕና እኩልነት ያሏቸውን ሐሳቦች ያነጻጸሩበትን ያን ያማረ መጽሐፍዎን ፊደል በፊደል ያረምኩት እኔ ነኝ። ከዚህም ሌላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎ እናት ነኝ። አባቷን በጨቅላነቷ ስላጣች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍሏ ጠዋት አዝዬ የማወጣት፣ ከትምህርት በኋላም አዝዬ የማወርዳት እኔው ነበርኩ።

የለመንኩዎት አንድ ነገር ነው፦ ክፍሏ ወደ ምድር ቤት ይውረድልኝ አልኩ። ይህን ኢምንት ልመና በተራ «እሺ» ወይም «እምቢ» ሳያዋርዱ በፍልስፍና ስላስተናገዱልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ያልገቡኝን ግን በትሕትና ልዘርዝር።

፩. መጀመሪያ ቢሮዎ ስመጣ፣ እኩልነት ማለት ሁሉን ባንድ ዓይን ማየት እንደሆነ፣ ለአንዷ የተለየ ነገር ማድረግም ሌሎቹን መበደል እንደሆነ አስረዱኝ። እውነትዎን ነው፤ ያ ደረጃ ለማንም አያዳላም።

፪. ስመለስ ደግሞ፣ ለብዙኃኑ የሚበልጠውን ደስታ ምረጥ የሚለው ሐሳብ ተረኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ምድር ቤት ያለው የመምህራን ማረፊያ ስለሆነ፣ የብዙ መምህራን ምቾት በአንዲት ልጅ እግር ሲመዘን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም አሉኝ። የእኔ ወገብ ሚዛኑ ላይ ይኑር አይኑር ልጠይቅዎ አስቤ፣ ነገር እንዳላበዛ ተውኩት።

፫. መምህራኑ ክፍሉን በወግ በሥርዓት ስለያዙት፣ ሰው በአግባቡ የያዘውን መንጠቅ ነጻነቱን መጋፋት ነው የሚለውንም ሐሳብ አልነፈጉኝም። እግዜር ይስጥልኝ።

፬. የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጄን ይዤ መጣሁ። «ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉን። «ነገ ማን ሆናችሁ እንደምትነቁ አታውቁም እንበል፤ ባለጸጋ ወይ ድኻ፣ የሚራመድ ወይ የማይራመድ። እስቲ አሁን የዚህን ትምህርት ቤት ሕግ አውጡ።» አዳራሹ፣ እኔም ሳልቀር፣ ጨፈነ። ልጄ ብቻ አልጨፈነችም፤ እሷ ማን ሆና እንደምትነቃ ታውቃለችና። «ክፍሉ ይውረድ የምትሉ እጅ አውጡ» ሲሉ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «እማዬ፣ ሁሉም አወጡ እኮ!» አለችኝ፤ ሳቀችም። ያን ሳቋን ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። ከዚያ ዓይናችንን አስገለጡንና፣ ይህ የሐሳብ ልምምድ እንጂ ውሳኔ አለመሆኑን አብራርተው፣ ስለ ደንብ ልብስ ቀለም ወደሚያወሳው አጀንዳ ተሻገሩ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ልልዎ እችል ይሆናል፤ ያችን ሳቅ ግን አልችልም።

፭. መጽሐፍዎ ውስጥ፣ ለሰው እኩል ነገር መስጠት አይበቃም፣ በተሰጠው ነገር ምን ማድረግና ምን መሆን ይችላል ተብሎ ይጠየቅ የሚል ምዕራፍ አለ። እያረምኩት አልቅሼበታለሁ። ይህንኑ ባስታውስዎ ፈገግ ብለው «እሱማ ንድፈ ሐሳብ ነው፣ እናቴ» አሉኝ።

፮. ልዩነትን ማክበርም አንዱ የፍትሕ ፊት ነውና፣ የልጄን ፎቶ በትምህርት ቤቱ በራሪ ወረቀት ላይ አወጡልን። አትክልቱ መሀል ናት፤ ደረጃው አይታይም።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርዎ። ዝናብ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ እርጥቡ ደረጃ ላይ እግሬ ከዳኝ። እሷ እንዳትመታ ዞሬ ከሥሯ ወደቅሁላት፤ እሷ ተረፈች፣ የእኔ እጅ ተሰበረ። ልጆቹ መጻሕፍቷን እየለቀሙ «አይዞሽ» ሲሏት አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ ነው፣ «እማዬ፣ በቃኝ። እኔ ልማር ብዬ አንቺ ልትሞቺ ነው» ያለችኝ። «አንቺ እኮ ላባ ነሽ፣ ምን ትከብጂኛለሽ!» አልኳት።

«አድጌያለሁ እኮ» አለችኝ።

ሌላ እናት ልጇ ማደጓን ስትሰማ ደስ ይላታል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ነው የምትውለው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አሻፈረኝ አለች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሰፈራችን ድረስ ይሰማል፤ ሲደወል መስኮቱን ትዘጋለች።

በቅርቡ ደግሞ ቁርጭምጭሚትዎ መሰበሩን ሰምቼ ከልቤ አዘንኩ። በማግስቱ ቢሮዎ ከላይ ወርዶ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ መግባቱንም ሰማሁ። ዓይን ያስጨፈኑት ወላጅ፣ የተመዘነ ደስታ፣ የተጋፉት ነጻነት እንዳልነበረ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል፤ ጠረጴዛዎን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወረዱት፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል እንደነበር አላውቅም ነበር። የመጽሐፍዎ ቀጣይ እትም ለእርማት ሲመጣ፣ ይኸኛው ሐሳብ የትኛው ምዕራፍ ውስጥ እንደሚገባ ቢጠቁሙኝ ባለውለታዎ እሆናለሁ።

በተሰበረ እጄ ስለምጽፍ ለፊደሎቼ መጣመም ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ሁልጊዜም ከታች ወደ ላይ የማቀርብ፣

የቀድሞ ተማሪዎ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ስለ ስብራትዎ ስትሰማ መልእክት ጨምሪልኝ ብላ ያዘችኝ። እግሯ ብዙ ጊዜ በጀሶ ታስሮ ስለነበር ነገሩን ታውቀዋለች። «ሲያሳክካቸው ማስመሪያ ከተው እንዳይፍቁት፣ ይቆስላል፤ ከላይ መታ መታ ያድርጉት በያቸው» አለችኝ። «ለእሳቸው ነው ይህ ሁሉ?» ብላት፣ «ያማል እኮ፣ እማዬ» አለችኝ።