ዘጠኝ ራስ ስላለው እባብና ስለ ባለቤቴ

ለተከበሩ የሠፈራ ጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ገረሱ
አሶሳ አውራጃ፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? እኛ ከወባ የተረፍነው ለእርስዎ ዕድሜና ጤና እየተመኘን አለን። በአዳራሹ በር ላይ የምለጥፈውን ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በመሠረተ ትምህርት ባስቆጠሩኝ ፊደል ስለሆነ ምስጋናው የእርስዎ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ከወሎ አብረን የመጣነው ባለቤቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊው ታረቀኝ፣ በእርስዎ ትእዛዝ ከተወሰደ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖታልና ይመለስልኝ።

1ኛ. ሄርኩለስ የተባለው የግሪክ ተረት ጀግና ዘጠኝ ራስ ያለውን እባብ ሲገድል የሚያሳየውን ሥዕል ከመጽሐፍዎ አውጥተው፣ ጀግናው ሠፋሪውን፣ እባቡ ረሃብን እንዲያስታውሰን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሣል ማለትዎ ትልቅ አርቆ አሳቢነት ነው። በዚያ ሳምንት የወባ ኪኒን አልቆብን ስለነበር ሥዕሉ በእጅጉ ጠቅሞናል።

2ኛ. ባለቤቴ ጀግናውን መጽሐፉ ላይ እንዳለ በጎን ሣለው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሓዲ መሆኑን፣ ጻድቅ ግን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት እንደሚያይ እርስዎ የሚያውቁበት ምክንያት ስለሌለ አንወቅስዎትም። የእባቡን ራሶች ግን የሰው ፊት፣ ሁሉንም ባለ ሁለት ዓይን አደረጋቸው። በክረምቱ ወባ የወሰዳቸው ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ ሦስተኛዋ የእኛዋ ብርሃነሽ ናት። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ሌላ ፊት እጄ እምቢ አለኝ» አለ።

3ኛ. በአዳራሹ ራሽን ልንቀበል ስንሰለፍ ልጆቻችን ከግድግዳው ላይ ያዩናል። ጎረቤቴ አሰለፈች ስንዴዋን ሳትቀበል ወጥታ ሮጠች። በክረምቱ መቃብር በመቆፈር የረዳን የአገሬው የበርታ ሰው፣ ቀርከሃ ነጋዴው ሙርሳል ግድግዳውን አይቶ «ይሄ ልጅ እኔ ነው የቀበርኩት» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እርስዎ ግን በጣቢያችን የሞተ የለም ብለው ለበላይ ሪፖርት አድርገው ነበርና ባለቤቴን አስወስደው ሥዕሉን ኖራ አስቀቡት። ኖራው ሲደርቅ ዓይኖቹ ተመልሰው ወጡ። ሦስት ጊዜ አስቀቡት፤ ሦስት ጊዜ ወጡ። እኔም እፈራለሁ፤ ብፈራም ልጄ ናትና በየጠዋቱ ሄጄ አያታለሁ።

ግድግዳውን ቢያፈርሱት አልቃወምም፤ ሰውዬውን ብቻ ይስጡኝ።

ለሰፊው ሕዝብ ጤና ስለሚከፍሉት እንቅልፍ ያጣ መሥዋዕትነት ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሳዎ፣
የወርቅውሃ ሞላ፣ የሰዓሊው ታረቀኝ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፍ፣ የታረቀኝን በረባሶ ጫማና ቀበቶ በዘበኛው እጅ ስለላኩልኝ፣ ወደ ሌላ ጣቢያ ስለተዛወረ ከእንግዲህ ስንቅ እንዳላመጣም ስላስነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያገራችን መንገድ ድንጋያምና እሾሃም ነውና በባዶ እግሩ የተዛወረበትን ጣቢያ ስም ብቻ ይንገሩኝ፤ ጫማውን እኔው አደርስለታለሁ።