ከፊልም ላይ የተረክሁት መጽሐፍ

እሑድ
በሰንበት ምድር ዋሸሁ። ያውም ከቤተክርስቲያን መልስ! እኛ አምስት ሴቶች በየወሩ ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ማርታ ቤት እንሰበሰባለን። ተራ የደረሳት አንድ መጽሐፍ አንብባ ለሌሎቻችን ትተርካለች፤ ሁላችንም ደብል ሺፍት ስለምንሠራ ሌላ መላ የለንም። የኔ ተራ የኮሪያ ልብ ወለድ ነበር። እንቅልፍ እያዳፋኝ ከሃያ ገጽ አላለፍኩም። ያው ነው ብዬ ከመጽሐፉ የተሠራውን ፊልም አየሁና እሱን ተረክሁ።

ሚስትየው በበዓል ቀን አማቶቿ ቤት ስታበስል ትውልና "በቃኝ" ብላ ቁጭ ትላለች። ባልየው አልቅሶ ሽርጥ ይታጠቃል፤ አብረው ይበላሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጽጌ ግን እንባዋን ጠረገች።

ሰኞ
ጽጌ ደወለች። የነርስ ትምህርት ልትጀምር ነበር፤ ባሏ ግርማ "ልጆቹን ማን ሊይዝ?" ብሎ አኩርፏታል።
"ያንቺን ታሪክ ሰምቼ የትምህርት ቦታዬን ለቀቅኩ፤ ልጠብቀው፤ ሰው ጊዜ ከሰጡት ይለወጣል" አለችኝ።
"ጎሽ" አልኳት። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ማክሰኞ
ጭንቅ ሲለኝ ሥራ ቦታ፣ ሮቢንስዴል፣ በብሬክ ሰዓት መጽሐፉን ጨረስኩት። ጉድ ነው። መጽሐፉ ላይ ባልየው አያለቅስም። "እራት መቼ ነው?" ይላል። ሴትየዋ ጫማዋን አድርጋ ትወጣለች፤ ማንም አይከተላትም። የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ተነስታ ማማሰያውን ትይዛለች። አለቀ።

ደራሲዋ ቤቱን በሙሉ ስትከስ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ሰው ደስ ብሎት እንዲወጣ አንድ ጥሩ ባል አምጥተው ገላገሉን። እኔም ያንኑ ባል ለጽጌ አቀበልኳት።

ረቡዕ
ልነግራት ሰፈሯ ፊሊፕስ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ደጃፏ ደርሼ ተመለስኩ። ሰበቤ ብዙ ነው፦ የግርማ መኪና ቆሟል፣ ልጆቹ ይሰማሉ፣ በረዶ ነው። ፈሪ!

ሐሙስ
በስልክ ነገርኳት።
"እኔ እኮ እስኪለወጥ እየጠበቅኩት ነው! የበላበትን ሰሃን እንኳን አላነሳም!" ብላ ጮኸች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ ዘጋችው።

ዓርብ
ራሷ ደወለች። ትምህርት ቤቱን ጠይቃ ነበር፤ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ተራ መጠበቂያው፣ ዌይቲንግ ሊስት ላይ አስገብተዋታል።
"ከጠሩሽ፣ ክላስ ባለሽ ቀን ልጆቹን እኔ እይዛለሁ። ሺፍቴን እቀይራለሁ" አልኳት።
"ማርያምን?" አለች።
"ማርያምን።"
"ይሄም ፊልም እንዳይሆን" አለችና ዘጋችው። ስቃ ይሁን ተናዳ አልገባኝም።